ግብር ለማን፣ መብት ከማን

የድሮ ሰው ስለ መንግሥት ሁለት የማይታረቁ ተረቶች በአንድ አፉ ይተርት ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ያው ሰው ድንበሩ ተገፍቶበት ዳኛ ፊት ሲቆም ደግሞ «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላል። የመጀመሪያው ንጉሥን ከሕግ በላይ ይሰቅለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሕግ ሲል በቅሎውን እስከ መልቀቅ ይደርሳል። በኢትዮጵያ መንግሥት ለምን ይኖራል፣ ሰውስ ከመንግሥት ምን ይገባዋል የሚለው ክርክር በነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ሲዋልል ኖሯል። ክርክሩን የፈላስፎች ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። አብዛኛው የተካሄደው በርስት ሙግትና በግብር መዝገብ ላይ ነው።

የተጻፈ ሕግ የሚፈልግ ዳኛ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚገልጠው ፍትሐ ነገሥትን ነበር። ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል አሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ያዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ የቤተ ክርስቲያንም የቤተ መንግሥትም መፍረጃ ሆነ። 44ኛው አንቀጽ ስለ ነገሥታት ይናገራል፦ ንጉሥን የሾመው እግዚአብሔር ነው፣ ሕዝብ ይታዘዘው፣ እሱም በቅን ይፍረድ። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር የለም፤ በዚያ ዘመን የትም አገር እንዲሁ ይባል ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስቆመኝ ስለ ባርነት የሚናገረው ክፍል ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን ይቀበልና፣ ጦርነት ግን አንዱን የሌላው ባሪያ ያደርገዋል ብሎ ያልፋል። የሰው ልጅ ነጻነት ከተፈጥሮው የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የገባ የሚመስለው ካለ፣ ይህን አንቀጽ ሊያየው ይገባል። ሐሳቡ እቤታችን ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው «ግን» ነው ዋጋ ያሳጣው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግዛቱ ወደ ደቡብ ሲሰፋ ያ «ግን» በሚሊዮን በሚቆጠር ገበሬ ትከሻ ላይ ወደቀ። መንግሥት ለወታደሩ የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውምና በገንዘብ ፋንታ ገባር ይመራው ጀመር። ገባሩ ለተመራበት ሰው እህል ይሰፍራል፣ ማር ያገባል፣ እንጨት ይሸከማል፣ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። በሰሜን የነበረው ሥርዐት ከዚህ ይለያል። እዚያ ገበሬው የአባቱ ርስት አለውና ከመሬቱ አይነቀልም፤ ከላዩ ያለው ባለጉልት የሚቀበለው ግብሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። ይህ ልዩነት ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ጎጃም ላይ ስንደርስ ዋና ነገር ስለሚሆን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘጠኝ ሚኒስትሮች ሾሙ። ሚኒስቴሩ ተቋቋመ፤ ግብሩና ገባሩ ግን እንደነበሩ ቀሩ። ይህን በግልጽ ያየና የጻፈ ሰው የተወለደው ዓድዋ አጠገብ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል፤ አባቱ የዐፄ ዮሐንስ ወታደር ነበርና መተማ ላይ ሞቷል። ልጁ በልጅነቱ ከምጽዋ ወደብ መርከብ ላይ ወጥቶ ኦስትሪያ ደረሰ፣ እዚያ በሰው ቤት አደገ፣ ጀርመንኛ ለመደ፣ በበርሊን ሕክምና ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሠራ። ንጉሡ ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ቤተ መንግሥቱም በሴራ ሲታመስ ወደ ሱዳን ተሰደደ።

«አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፉ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሥመራ ላይ ታተመ። የሚናገረው ለአዲሱ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ ነው፤ የሚናገርበት ድምፅ ግን የአሽከር ድምፅ አይደለም። የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ ይለይ ይላል። ግብር ተቆርጦ ይታወቅ፣ በገንዘብም ይከፈል፤ ወታደር ደመወዝ ያግኝ እንጂ በገበሬ ቤት አይመራ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ፤ ሕጉ ተጽፎ ይታወቅ። ዛሬ ሲነበብ የአንድ ጥሩ የበጀት ሹም ማስታወሻ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የንጉሡን ኪስ ከአገር ካዝና ለይ ማለት፣ መንግሥት የንጉሡ ንብረት አይደለም ማለት ነበር። ሎሌ ጌታውን በሚያመሰግንበት አገር እንዲህ የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ያስደንቃል።

ሁለተኛው መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይበልጥ ጠለቅ ይላል። ሀብት ወርቅና ብር አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ደግሞ እውቀት ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚህ ተነሥቶ መንግሥትን ይመዝነዋል። ገበሬው ትርፍ ያመረተውን ወታደሩ የሚወስድበት ከሆነ ለምን ብሎ ትርፍ ያመርታል? አገሪቱ ቆዳና ቡና ሰጥታ በፋብሪካ የተሠራ ዕቃ ስትገዛ ብዙ ሥራ ሰጥታ ጥቂት ሥራ እየተቀበለች ነው፤ መንገድና የባቡር ሐዲድ ቢበዛም እውቀት ከሌለ የሚጠቀመው ባለፋብሪካው ነው። መንግሥት ለምን ይኖራል ለሚለው ጥያቄ የሱ መልስ የሕዝቡን ሥራ ከሚዘርፍ መጠበቅና እውቀት ማስፋፋት ነው፤ ይህን የማያደርግ መንግሥት ሌላ ጠንካራ መንግሥት ይበላዋል። ገብረ ሕይወት ጎደለው የምለው አንድ ነገር አለ። ሕዝቡ ራሱ ግብሩን ማን እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚያዝበት ይወስን የሚል ሐሳብ ብዙም አይታይበትም። ተስፋው የተጣለው በአስተዋይ ንጉሥ ላይ ነው፤ ዓይኑ ጃፓን ላይ ነበር።

የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኖ ሳለ በ1911 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ዕድሜው ገና 33 ገደማ ነበር። ሁለተኛው መጽሐፉ አዲስ አበባ ላይ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ጃፓንን በሕግ መልክ ያመጣት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነቱ ሩሲያ ሄዶ በመድፈኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ተመልሶም የጻፈው «ፋቡላ» የተባለ የአውሬዎች ተውኔት የዘመኑን ሹማምንት በማሽሟጠጡ የታገደበት ሰው ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር መንግሥትን የሚያሽሟጥጥ፣ ጸሐፊውም የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አርቃቂ መሆኑ፣ አጋጣሚ ብቻ ነው ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በዓመቱ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ መኳንንቱና መሳፍንቱ ተሰብስበው በ55 አንቀጽ የተጻፈውን ሕገ መንግሥት ፈረሙ። መሠረቱ የ1889 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ከመፈረሙ በፊት ክርክር ነበር፦ ታላላቆቹ መሳፍንት በዘር የያዙት ግዛት በሕጉ እንዲታወቅላቸው ፈለጉ፤ የተማሩት ወጣቶች ተቃወሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከወጣቶቹ ጋር ቆሙ። ለምን እንደቆሙ ማስተዋል ይገባል። ወጣቶቹ የፈለጉት የመሳፍንቱ ሥልጣን ለሕዝብ እንዲያልፍ ነው፤ በሕጉ የተጻፈው ግን ለዙፋኑ ማለፉ ነው።

መብትን በሚመለከተው ምዕራፍ ያለ ሕግ ማንም እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይበረበር፣ ሀብቱ እንዳይነጠቅ ተደነገገ። መልካም ነው። የምዕራፉ መጨረሻ አንቀጽ ግን ጦርነት ወይም የሕዝብ መከራ በመጣ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወስዱትን እርምጃ እነዚህ መብቶች እንደማያግዱት ይናገራል። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በአገር ሹማምንቱ ተመረጡ። በበረከት መልክ የተሰጠ ሕግ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ማንም ሳይጠይቃቸው በፈቃዳቸው እንደሰጡት በመግቢያው ላይ ተጽፏል። እኔ የዚያን ዘመን ፖለቲካ ሁሉ በዚህ አንድ ሐረግ ውስጥ አየዋለሁ። ሳይጠየቅ የተሰጠ ነገር ሳይጠየቅ ይወሰዳል።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን መጣና ሁሉንም ጠረገው።

ጣሊያን ተባሮ የተመለሰው መንግሥት ሁለት ትላልቅ ነገሮች አደረገ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነትን በአዋጅ ሻረ፤ የፍትሐ ነገሥቱ «ግን» ቢያንስ በወረቀት ላይ ተሰረዘ። ግብሩንም ወደ ማእከል ሰበሰበ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተከፈለና በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ተቆረጠበት። የገባሩ ሸክምና አገልግሎት ቀረ። ገብረ ሕይወት ከ30 ዓመት በፊት የጠየቀው ተፈጸመ ማለት ይቻላል። በደቡብ ግን መሬቱ ገባር በተመራው ሰው ስም ተመዝግቦ ነበርና ትናንት ገባር የነበረው ዛሬ ጭሰኛ ሆነ፤ የሚያርሰውን ሲሶ ወይም እኩል እየሰጠ፣ ባለመሬቱ በፈለገ ጊዜም እየለቀቀ።

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። 131 አንቀጽ አለው፣ የመብቱ ዝርዝርም ረጅም ነው። ለመሻሻሉ አንዱ ምክንያት በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የተዘጋጀ፣ ከአዲስ አበባው የሚበልጥ ሕገ መንግሥት ይዛ መምጣቷ ነበር። ልጅ ከአባት የተሻለ ልብስ ለብሶ ሲመጣ አባት ልብስ ያሰፋል። ብዙም ሳይቆይ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የምክር ቤት አባላትን መረጠ፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም፣ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለዙፋኑ ነበር።

ገርማሜ ንዋይ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረ ወጣት ነበር። የማስተርስ ጽሑፉ በኬንያ ነጮች መሬት ስለያዙበት መንገድ ነው። ወላይታ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም መሬት ለሌላቸው መሬት ማደል ጀመረ፤ ባለመሬቶች አዲስ አበባ ድረስ ጮኹ፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። የኬንያን ነገር ያጠና ሰው ወላይታ ላይ ምን እንዳየ መገመት አያቅትም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከክብር ዘበኛ አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ። በሬዲዮ በአልጋ ወራሹ ድምፅ የተነገረው አዋጅ ኢትዮጵያ ነጻነታቸውን ገና ካገኙ የአፍሪካ አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷን አነሣ፤ አልጋ ወራሹም በደመወዝ እንደሚያገለግሉ ተናገረ። ንጉሥ በደመወዝ! ተረቱ ላይ እንደ ሰማይ የማይታረሰው ንጉሥ ተቀጣሪ ሲባል የሰማው የከተማ ሰው ጆሮውን ሳይጠራጠር አልቀረም። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ። ገርማሜ ሞተ፤ መንግሥቱ ተሰቀለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ግን አማፂዎቹን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ወንድሞቻቸው ምክር ቤቱ ፊት «መሬት ለአራሹ» እያሉ ተሰለፉ።

የጎጃም ገበሬ ተማሪዎቹ የሚናገሩትን መፈክር አልያዘም። እንዲያውም ጥያቄው ሌላ ነበር፤ መሬቱ በእጁ ነውና። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር የሚጥል አዋጅ ወጣ። በፋይናንስ ባለሙያ ዓይን አዋጁ መልካም ነው፦ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል ይላል። ገማቾች መጥተው ገቢውን ሲገምቱ ግን ገበሬው ያየው ሌላ ነገር ነው። መሬት ከተለካና ከተመዘገበ ርስት ቀረ ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ ይሸጣል፣ እንደ ደቡቡም ጭሰኛ እንሆናለን አለ። በጎጃም ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት በመወለድ ነው። አባቶቹ ያቀኑት መሬት ከንጉሡ ሹመት በፊት የነበረ፣ ከሹሙ መሻር በኋላም የሚኖር ነው። ለንጉሥ የሚገባው ግብር ነው፤ መሬቱ አይነካም።

ስለዚህ ሞጣና ዳሞት ላይ ገማቾቹን አላስገባም አለ። አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ የሄዱ ነበሩ፤ ከሹማምንቱ ጋር የተታኮሱም ነበሩ። ጦር ተላከ። በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ፦ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ጎጃም ወርደው ውዝፉን ግብር ማሩ።

የከተማ ምሁራን ይህን አመፅ ብዙ ጊዜ የኋላ ቀር ገበሬ እምቢተኝነት አድርገው ነበር የሚያዩት። አልስማማም። ንብረት ከመንግሥት በፊት ያለ ነው፣ መንግሥት የተፈጠረውም እሱን ለመጠበቅ ነው ብሎ እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። የሞጣ ገበሬ ሎክን አላነበበም፤ የሚከራከርበት ሐሳብ ግን ከሱ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የሎክ ባለንብረት አንድ ሰው መሆኑ፣ የጎጃሙ ደግሞ የአንድ አባት ልጆች ሁሉ መሆናቸው ነው። ጎዶሎውም እዚያው ነው፦ ዘር መቁጠር የማይችል ሸማኔና አንጥረኛ ከዚህ መብት ውጭ ነበር።

በዚያው ጊዜ አርሲ ጭላሎ ላይ የመንግሥት የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። ምርቱ ሲጨምር ባለመሬቶች ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አስወጡ። የጭሰኞች ሕግ ረቂቅ ለምክር ቤት ቢቀርብም ባለመሬቶች የተቀመጡበት ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ። የወሎ ረሃብ ሲመጣ ንግግሩ ሁሉ አበቃ። በ1966 ዓ.ም. ንጉሡን በሕግ የሚያስር ሕገ መንግሥት ተረቅቆ ነበር፤ ወዲያው ተረሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 በአንድ ቀን ጭሰኝነትን ሻረ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይይዝም፤ መሬት አይሸጥም፣ አይከራይም። አዲስ አበባ በደጋፊ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። የደቡብ ጭሰኛ ከአባቱ ጀምሮ ተሸክሞት የኖረው ነገር ወረደለት፤ ይህን ማቃለል ግፍ ነው። አዋጁን ያወጣው፣ ንጉሡን ያወረደው የወታደሮች ኮሚቴ ደርግ ግን ማንም ያልመረጠው፣ ማንም የማይከሰው አካል ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በአዲስ አበባ ጎዳና ሬሳ ታየ፤ «መሬት ለአራሹ» ያሉት ተማሪዎች እርስ በርስ ተባልተው፣ የቀሩትም በቀይ ሽብር አለቁ። ገበሬውም ሲሶ የሚሰጠው ባለመሬት ቢቀርለትም በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚያስገባው ኮታ መጣበት። ልጁም ለጦር ሜዳ ተመለመለ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት 10ኛው አንቀጽ የሰው መብት ከሰውነቱ የሚመነጭ መሆኑን ይናገራል። ከ1923ቱ የስጦታ ቋንቋ ይህን ያህል የሚርቅ ነገር የለም። 40ኛው አንቀጽ ግን መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለው ጨምሮ። መንግሥት ለልማት ሲፈልገው ምን ይሆናል? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መለሰ፦ በመሬቱ ላይ ለተሠራውና ለተተከለው ካሣ ይከፈላል፤ ተነሺው ገበሬም ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይሰጠዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ገበሬ በዚህ ስሌት ተነሥቶ፣ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ አየ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ኦሮሚያን ያጥለቀለቀው ሰልፍ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር ፕላኑን አሰረዘ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 የካሣውን ስሌት ከፍ አድርጎ አሻሻለው። ለመሬቱ ለራሱ የሚከፈል ዋጋ ግን በዚህኛውም አዋጅ ውስጥ የለም፤ ባለቤቱ አሁንም መንግሥትና ሕዝብ ነውና።